ስታቲስቲክስንና የምርምር ዘዴን ለሥነ ልቦና ተማሪዎች ማስተማር፦ ለአዲስ መምህራን

በሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ስታቲስቲክስ ወይም የምርምር ዘዴ እንዲያስተምር የተመደበ መምህር በመጀመሪያው ቀን ከፊቱ የሚያገኛቸው ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ከሒሳብ ጋር የተሰነባበቱ መስሏቸው የመጡ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን መርጠው የተማሩ አሉ፤ ትምህርት ክፍሉን በፍላጎታቸው ሳይሆን በምደባ ያገኙትም ጥቂት አይደሉም። የሰውን ስሜትና ባሕርይ ሊያጠኑ መጥተው ሰሌዳው ላይ የድምር ምልክት ሲያዩ ፊታቸው የሚጠቁረው ከስንፍና የተነሣ አይደለም። ምልክቱ ለመጡበት ጉዳይ ምን እንደሚሠራ ማንም አላሳያቸውም።

በእኔ አመለካከት የችግሩ ሥር ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በተለመደው አካሄድ ስታቲስቲክስ በአንድ ሴሚስተር፣ የምርምር ዘዴ በሌላ ሴሚስተር፣ ብዙ ጊዜም በሌላ መምህር ይሰጣል። ተማሪው በመጀመሪያው ኮርስ ማን እንደለካውና ለምን እንደተለካ የማያውቀውን የቁጥር ረድፍ ደምሮና አካፍሎ ያልፋል፤ በሁለተኛው ኮርስ ደግሞ ቁጥር የማይገባበትን የትርጓሜ ዝርዝር ይሸመድዳል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊጀምር ሲል ሁለቱ ትምህርቶች እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ሆነው ይጠብቁታል። ሥርዓተ ትምህርቱን መለወጥ በአንድ መምህር እጅ ባይሆንም፣ እያንዳንዱ የስታቲስቲክስ ክፍለ ጊዜ ከአንድ የሥነ ልቦና ጥያቄ እንዲነሣና ቁጥሩም ተማሪዎቹ ራሳቸው ከለኩት ነገር እንዲመጣ ማድረግ ግን ይቻላል።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በትርጓሜ አይክፈቱት። ለተማሪዎቹ ቁራጭ ወረቀት ያድሉና ስማቸውን ሳይጽፉ ሦስት ጥያቄዎች እንዲመልሱ ያድርጉ፦ ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ተኛችሁ? ዛሬ ጠዋት በስንት ሰዓት ተነሣችሁ? የተወለዳችሁበት ዓመትስ መቼ ነው? ጥያቄዎቹን ሆን ብለው እንዲህ ልቅ አድርገው ይተዉአቸው። መልሶቹ ሰሌዳው ላይ ሲሰፍሩ ትምህርቱ በራሱ ጊዜ ይጀምራል። አንዱ የተኛው በ4 ሰዓት ነው፤ ሌላው በ10። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ስልካችን 10፡00 ይላል፤ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ስልካችን 4፡00 ይላል። ስለዚህ «10» ብሎ የጻፈው ተማሪ በጊዜ የተኛ ይሁን ሌሊቱን ሲያጠና ያመሸ፣ ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም። የትውልድ ዓመቱም እንዲሁ ያስቸግራል። በ2017 ዓ.ም. 20 ዓመት የሆነው ተማሪ የተወለደው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ነገር ግን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው 2005 ብሎ ከጻፈና መምህሩ ከ2017 ላይ ከቀነሰው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ የ12 ዓመት ልጅ ይገኛል።

ተማሪዎቹ በዚህ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ የአምስት ሰዎችን የእንቅልፍ ሰዓት ብቻ መርጠው ይጻፉ፦ 7፣ 6፣ 8፣ 7 እና 2። አማካዩ 6 ነው፤ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር ደግሞ 7 ነው። አሁን ሁለት ሰዓት ብቻ ተኛ ወደተባለው ተማሪ ይመለሱ። በ10 ተኝቶ በ12 ተነሥቷል፤ የመኝታውን ሰዓት ከስልኩ አይቶ ጽፎት ከሆነ ግን የተኛው 8 ሰዓት ነው። 2 የነበረው 8 ሲሆን አማካዩ ወደ 7.2 ከፍ ይላል፤ መሃለኛው ቁጥር 7 ላይ እንዳለ ይቀራል። አማካይ ለአንድ የተዛባ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጋለጥ፣ መሃለኛው ቁጥር ለምን እንደማይናወጥ፣ ከስሌት በፊት መረጃን ማጥራት ለምን እንደሚያስፈልግና የሚለካው ነገር አስቀድሞ በማያሻማ ቃል መበየን እንዳለበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሳቸው ወረቀት ይማራሉ። ይህን ሁሉ በስላይድ ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ ያውቃል፤ ያም ሆኖ አልገባቸውም ነበር።

ከእንቅልፍ ወደ ጭንቀት ሲሸጋገሩ መለካት ራሱ ዋና ጉዳይ ይሆናል፤ እኔም ከሴሚስተሩ ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው የፈተና ጭንቀትን የሚለኩ አምስት ዓረፍተ ነገሮችን በአማርኛ ወይም በሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጻፉ፤ ከዚያም ቡድኖቹ መጠይቃቸውን ይለዋወጡና ይሙሉ። ስሕተቶቹ ወዲያው ይወጣሉ። «ፈተና ሲደርስ እጨነቃለሁ፣ እንቅልፍም አጣለሁ» የሚለው ሁለት ጥያቄ በአንድ ላይ አጣብቋል፤ የሚጨነቅ ነገር ግን በደንብ የሚተኛ ተማሪ ምን ብሎ ይመልስ? ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተተረጎመው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማንም በዕለት ንግግሩ የማይለውን ይናገራል፤ የእኛ ሰው ጭንቀቱን ሲገልጽ ብዙ ጊዜ ጨጓራውን፣ ራሱን ወይም ልቡን ጠቅሶ ነውና። አንድ ተማሪ የእንግሊዝኛውን መጠይቅ ወደ አማርኛ ይመልሰው፣ ሌላ ተማሪ ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ከዚያ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ይነበቡ። የጠፋው ትርጉም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ይሉኝታም ክፍል ውስጥ በስሙ ይጠራ። የጠያቂውን ፊት አይቶ «እስማማለሁ» ማለት፣ የማይመች ጥያቄ ሲመጣ መሃለኛውን አማራጭ ማክበብ፣ ስለ ቤተሰብ ሲጠየቅ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ማለፍ፣ ሁሉም ተማሪ የሚያውቃቸው ባሕርያት ናቸው። የውጭ መጻሕፍት ለዚህ የራሳቸው ስያሜ አላቸው፤ ተማሪው ግን ስያሜውን ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን ከራሱ ሕይወት ቢያውቀው ይሻላል። ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸውን ዓረፍተ ነገሮች መቀላቀል፣ ስም አለማስጻፍ፣ መጠይቁን የሚያስሞላውን ሰው በጥንቃቄ መምረጥ፣ ከዚህ ውይይት በኋላ መሸምደድ የማያስፈልጋቸው ጥንቃቄዎች ይሆናሉ።

በሥራ ላይ ያለ መለኪያን ለማሳየት ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድብርት መጠይቅ እመርጣለሁ። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ የአማርኛ ትርጉሙም በአገራችን ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ተማሪዎቹ ግን በክፍል ውስጥ እንዳይሞሉት ይጠንቀቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ «አዎ» ብሎ ለሚመልስ ተማሪ መምህሩ የሚያደርገውን እርዳታ አስቀድሞ ካላዘጋጀ በስተቀር ለማስተማሪያ ተብሎ የሚታደል ወረቀት አይደለም። የምርምር ሥነ ምግባርን ለማስተማርም ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

ስለ አስተማማኝነትና ስለ ተገቢነት አንድ ምሳሌ ብቻ ይበቃል። ሁልጊዜ 200 ግራም የሚያጎድል የገበያ ሚዛን አስተማማኝ ነው፤ አሥር ጊዜ ቢመዝኑበት አሥር ጊዜ ያንኑ ይናገራል፤ ትክክለኛውን ክብደት ግን አንድም ጊዜ አይናገርምና ተገቢነት የለውም። የክሮንባክ አልፋ (የመጠይቁ ጥያቄዎች ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚያሳየው የአስተማማኝነት ቁጥር) 0.70 አለፈ ብለው መለኪያቸው ትክክል ነው የሚሉ የመመረቂያ ጽሑፎች ይህን ሚዛን ቢያስታውሱ ደግ ነበር።

ናሙናን በጤፍ ማስጀመር ይቻላል። ጤፍ በጆንያ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ ዘግኖ አይወስንም፤ ነጋዴው ማኛውን ከላይ አድርጎት ሊሆን ይችላልና እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በካፊቴሪያ ደጃፍ ቆመው ላለፈ ላገደመው መጠይቅ የሚያድሉ ተማሪዎች ከጆንያው አፍ እየዘገኑ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ፌስታሉ ይግቡ። በመቶ ቁራጭ ወረቀቶች ላይ አማካያቸው 50፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽናቸው (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ ልክ) 10 የሆኑ ውጤቶችን ጽፈው ፌስታል ውስጥ ይጨምሩ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት እያወጣ፣ እየጻፈና እየመለሰ አራት ቁጥር ይሰብስብ፤ አማካዩንም አስልቶ ሰሌዳው ላይ ባለው መስመር በላዩ ኤክስ ያድርግበት። ስድሳ ተማሪ ስድሳ የተለያየ አማካይ ያመጣል፤ ብዙዎቹ ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይበተናሉ። ቀጥሎ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ቁጥር እንዲያወጡ ቢደረግ ኤክሶቹ ከ46 እስከ 54 ባለው ውስጥ ተጠጋግተው ይቆለላሉ። የናሙና አማካይ መደበኛ ስሕተት ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኝ መሆኑን ለመናገር ጊዜው አሁን ነው፦ 10 ለ2 ሲካፈል 5፣ 10 ለ5 ሲካፈል 2። ቀመሩ ሰሌዳው ላይ ላዩት ነገር የተሰጠ ስም ሆኖ ስለሚመጣ አያስፈራም። መብራት ቢጠፋም ይህ ትምህርት አይቋረጥም።

የፒ ዋጋን ለማስተማር በየዓመቱ የምጠቀመው ቡናን ነው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ሥራው፣ ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ ወይስ በኋላ ቀምሼ እለያለሁ ያለችን ሴት በስምንት ስኒ እንዴት መፈተን እንደሚቻል አስረድቷል። እኛ ዘንድ ሻዩን በቡና መተካት ይቀላል፤ በሸክላ ጀበና የተፈላውን በብረት ማንቆርቆሪያ ከተፈላው እለያለሁ የሚል ተማሪ ከየትኛውም ክፍል አይጠፋም። አራት ስኒ ከአንዱ፣ አራት ስኒ ከሌላው ይቀዳል፤ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይወሰናል፤ ቀማሹም አራት አራት መሆናቸውን አውቆ የጀበናዎቹን አራት ስኒዎች ይለያል።

ከመቅመሱ በፊት ተማሪዎቹ ፈተናውን የሚያበላሽ ነገር ሁሉ እንዲዘረዝሩ ይጠይቁ። የአንዱ ቡና ሙቀት ከሌላው ቢበልጥስ? ስኳሩ እኩል ነው? ዝቃጩ ከስኒው ሥር ቢታይስ? ስኒውን የሚያቀብለው ሰው መልሱን ካወቀና ፊቱ ላይ ካስታወቀስ? ዕጣ ማውጣት፣ ሁኔታዎችን እኩል ማድረግና አቅራቢውም ቀማሹም መልሱን እንዳያውቁ መከልከል ከዚህ ዝርዝር ይወለዳሉ። በእነዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ማጥፋት የምርምር ዘዴ መጽሐፍን ሁለት ምዕራፍ እንደማንበብ ነው።

ከዚያ ቆጠራው ይመጣል። ከስምንት ስኒ አራቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው። በጭፍን ለሚገምት ሰው አራቱም የሚሳኩበት መንገድ 1፣ ሦስቱ የሚሳኩበት 16፣ ሁለቱ የሚሳኩበት 36፣ አንዱ የሚሳካበት 16፣ አንዱም የማይሳካበት 1 ነው። ስለዚህ አራቱንም የለየ ቀማሽ ምንም ችሎታ ባይኖረው ኖሮ በዕድል ብቻ እንዲህ ሊወጣለት የሚችለው ከ70 አንዴ፣ ማለትም 0.014 ነው። ሦስቱን የለየ ደግሞ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የተሻለ ውጤት በዕድል የማግኘቱ ነገር ከ70 ውስጥ 17፣ ማለትም 0.24 ያህል ስለሆነ በውጤቱ አንደነቅም። የፒ ዋጋ ይኸው ነው፦ ልዩነት የለም የሚለው ግምት እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ያየነው ወይም ከእርሱም ይበልጥ የጎላ ውጤት የመከሰቱ ዕድል። ግምቱ ራሱ እውነት የመሆኑ ዕድል አይደለም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 መግለጫ አውጥቶ ይህን ማስረዳቱ፣ ስሕተቱ የጀማሪዎች ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ቡናው ካለቀ በኋላ መላው ክፍል ሳይቀምስ አራት ቁጥሮችን በጭፍን መርጦ ይጻፍ፤ ትክክለኛው መልስም ይነገር። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል በአማካይ አንዱ አራቱንም ያገኛል። ያንን ተማሪ አስነሥተው ያስጨብጭቡለትና፣ ስልሳ ዘጠኙን ትተን የእርሱን ውጤት ብቻ ብናሳትም አንባቢ ምን ይረዳ እንደነበር ይጠይቁ። ልዩነት በሌለበት ሃያ ፈተናዎችን በ0.05 ደረጃ (የፒ ዋጋው ከ0.05 ካነሰ ውጤቱን «ጉልህ» ብሎ በመቀበል) ያካሄደ ተመራማሪ ቢያንስ አንድ «ጉልህ» ውጤት የማግኘት ዕድሉ ወደ 64 በመቶ መሆኑን ከዚህ ጋር ያያይዙት። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ መቶ የሥነ ልቦና ጥናቶች በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ሲደገሙ፣ በመጀመሪያው ከመቶ 97ቱ ጉልህ ውጤት የነበራቸው ሲሆን በድጋሚው ግን 36 ከመቶው ብቻ ጉልህ ሆነው መገኘታቸውን ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። በሙያው ተስፋ ይቆርጣሉ ብሎ መደበቅ አያስፈልግም፤ እኔ እስካሁን ያየሁት፣ ከዚህ ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ሲያነቡ የተሳታፊዎቹን ብዛት ፈልገው ማየት እንደሚጀምሩ ነው።

«ጉልህ» የሚለው ቃላችን ራሱ መጠንቀቅ ይፈልጋል። በአማርኛ ጉልህ ማለት ትልቅ፣ የሚታይ ማለት ስለሆነ፣ ተማሪው «ጉልህ ልዩነት ተገኘ» ሲል ልዩነቱ ሰፊ መስሎት ነው። በ10,000 ሰዎች ላይ የተገኘ 0.02 የሆነ ተዛምዶ (ሁለት ነገሮች አብረው የመለዋወጣቸው ልክ) የ0.05ን ደረጃ ያልፋል፤ ሆኖም ከልዩነቱ ሁሉ የሚያብራራው 0.04 በመቶውን ብቻ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «በዕድል ብቻ ለማብራራት የሚያስቸግር» የሚለውን ረዘም ያለ አነጋገር እጠቀማለሁ፤ ከውጤቱ ጎንም መጠኑ ሁልጊዜ እንዲጻፍ አስገድዳለሁ።

የናሙና ብዛት ላይ ሲደረስ በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ሁሉ ውስጥ የምትገኘውን፣ ከሕዝቡ ብዛት ተነሥታ የናሙናን ብዛት የምታሰላውን የያማኔን ቀመር ማንሣት ግድ ነው። የሕዝቡ ብዛት 2,000 ሲሆን በ5 በመቶ የስሕተት ልክ 333 ትሰጣለች፤ 20,000 ሲሆን 392። ቀመሯ ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ ቀላል የዕጣ ናሙና ወስዶ የአንድን ነገር መጠን በመቶኛ ለመገመት የተሠራችውን ቀመር፣ ሁለት ቡድኖችን ለሚያወዳድርም፣ ሃያ ሰው ለሚያነጋግርም፣ ዕጣ ላላወጣም እኩል መገልበጡ ነው። ሁለት ቡድኖችን ለማወዳደር የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠብቀውን የልዩነት መጠን ይናገር፤ የስታንዳርድ ዲቪዬሽን ግማሽ የሚሆን ልዩነትን በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልገዋል፤ አንድ አምስተኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ በየቡድኑ ወደ 400።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ የምለው የለም። ኤስፒኤስኤስ በየቤተ ሙከራው የተለመደ ቢሆንም ጃሞቪና ጃስፕ በነፃ የሚገኙ፣ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው። ዋናው ነገር ተማሪው ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው ስለ ጥያቄው፣ ስለ መለኪያውና ስለ ናሙናው ከጻፈ በኋላ እንዲሆን ነው። እኔ የመጀመሪያውን የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ የምሰጠው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ የምሰጣቸውም ያንኑ የራሳቸውን የእንቅልፍ መረጃ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ተማሪዎች የትኛው የስታቲስቲክስ ፈተና ዓይነት ለየትኛው ተለዋዋጭ እንደሚውል እንዲሸመድዱ ይገፋፋቸዋል። ይህን መቃወም አያዋጣም፤ በሴሚስተሩ ማብቂያ ሁለት ሳምንት ለልምምድ መመደብ ይበቃል። ለኮርሱ ፈተና ግን ስሌት ከማሠራት ይልቅ ሆን ተብሎ የተበላሸ አንድ ገጽ የጥናት ዘገባ ሰጥቶ ስሕተቱን ማስለቀም የተማሪውን ዕውቀት በተሻለ ያሳያል፦ ናሙናው ከካፊቴሪያ ደጃፍ የመጣ፣ አልፋው 0.74 ስለሆነ መለኪያው ትክክል ነው የሚል፣ ከተዛምዶ ተነሥቶ «ስልክ መጠቀም እንቅልፍ ያሳጣል» ብሎ የሚደመድም።

ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ሲሆኑ አንድ ደንብ ይያዙ። ተማሪው ቢሮዎ መጥቶ መጠይቁን ላሰራጭ ሲልዎት ባዶ ሠንጠረዥ ይጠይቁት፤ ቁጥሮቹ ያልገቡበት፣ ረድፎቹና ዓምዶቹ ግን የተሰየሙበት። ከእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ሥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አንዱ ውጤቱ እንደጠበቀው ቢሆን የሚለው፣ ሌላው ባይሆን የሚለው። የትኛው ሠንጠረዥ ከየትኛው የመጠይቁ ጥያቄ እንደሚሞላ ማሳየት ካልቻለ፣ ያ ጥያቄ ከመጠይቁ ይውጣ። በዚህ መንገድ አርባ ጥያቄ ይዞ የመጣ ተማሪ አሥራ አምስት ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያቃተው ደግሞ ርእሱን ቀይሮ በሳምንቱ ተመልሷል።